ከጎሬ የጫንኩት ከሰል

ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ብዙ ዓመት አልፎ፣ ጃንሆይ በዙፋናቸው ሳሉ፣ እኔ ቡሬ ከእናቴ ጋር ጨውና ሳሙና እየቸረቸርኩ እኖር ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ስኳር በሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ስለዚህ የብዙ ወሬ መጀመሪያውን እንጂ መጨረሻውን አላውቅም። የዚህን ጉዞ ግን መጨረሻውንም ስለማውቀው ልንገራችሁ።

ወደ መቱ ያስነሣኝ ደብዳቤ ነው። የጻፈው የታላቅ እህቴ የእትዬ አስካለ ባል፣ ጋሼ ደምሴ ነበር። እሱ በአንድ የቡና ነጋዴ መጋዘን ሚዛን ይይዛል፤ እሷ ዋናው መንገድ ዳር ትንሽ ሻይ ቤት አላት። ከደብዳቤው አራት እጅ ሦስቱ ስለ አዲሱ ማድ ቤት ነበር፤ ሣሩን አንሥቶ ቆርቆሮ እንዳለበሰው፣ ቆርቆሮው እንዴት እንደሚያበራ፣ ዝናብ ሲወርድበት ከሩቅ እንደሚሰማ። ከታች፣ ወረቀቱ ሲያልቅበት፣ በደቃቅ ጽሑፍ እንዲህ አለ፤ "እህትሽን ሳል ይዟታል። ሦስት ወር ሆነው። ዓይኗም ያለቅሳል። ትናንት ለሾፌር ሻይ ስትቀዳ ከብርጭቆው ውጪ ቀዳችው።"

ለእናቴ አነበብኩላት። ሳትጨርስ ሰምታ፣ "ብርድ ነው" አለች። የመቱን ዝናብ ታውቀዋለች፤ ክረምት የለ በጋ የለ። ቤቱን በደንብ እንድዘጋላት፣ ነፋስ የሚገባበትን ሁሉ እንድጠቀጥቅ፣ ማር በሙቅ ውኃ እንዳጠጣት አዘዘችኝ። ካልተሻላት ደግሞ ከነልጇ ይዣት እንድመጣ። ወፍራም ጋቢ፣ አንድ ቅል ማር፣ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ተሸክሜ ተነሣሁ።

ከቡሬ ወደ ጎሬ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቡና በጫነ ትሬንታ ኳትሮ፣ በዚያ በጣሊያን የጭነት መኪና ተሳፈርኩ። ጋቢና ለመቀመጥ ሦስት ብር፣ ከላይ ከጆንያው ጋር አንድ ብር ከስሙኒ ነው። ማሩ እንዳይፈስብኝ ብዬ ጋቢና ገባሁ። ሾፌሩ ማሩ ለእህቴ ሳል መሆኑን ሲሰማ፣ መኪናዋም ሳል ስላለባት ለሷም ጠብ አድርጊላት አለኝ። እውነትም ዳገት በወጣች ቁጥር ትስላለች።

መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው። ግራና ቀኙ ጫካ፣ ከጫካው ሥር ቡና፣ ከቡናው በላይ ጉም። ግማሽ መንገድ ላይ ጎማው ተቀርቅሮ ወረድን። ወንዶቹ ሲገፉ እኔ ዳር ቆሜ ሳለሁ አንዲት እናት እንጨት ተሸክመው ወደ ጎሬ ገበያ ሲሄዱ ደረሱብኝ። ሸክሙ ውኃ ያንጠባጥባል፤ ሻጋታ ወጥቶበታል። በኦሮምኛ ሰላም ተባባልንና ደረቅ እንጨት የለም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። "መጀመሪያ ሰማዩ ይድረቅልኝ እንጂ፣ ያ ኢንታላ" አሉኝ፤ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው።

ከዚያ ደግሞ ሳይስቁ ነገሩኝ። የቡናው ጥላ የሆነውን ዛፍ ባለቤቱ አያስነካም። የወደቀው ደግሞ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። የከተማ ሰው የሚነድ እንጨት ሳይሆን ሸክሙ ትልቅ የሆነውን ነው የሚገዛው፤ አድርቀው ቢያመጡት ያንሳል፣ ያነሰውን ማንም አይገዛቸውም። ስለዚህ እርጥቡን ይሸከማሉ። ይህን ሁሉ ጫካ እያየሁ ደረቅ እንጨት የጠፋበት አገር መሆኑ ያን ቀን ገረመኝ። ቡሬም እንደዚያው ነበር፤ ግን ልብ ብዬው አላውቅም።

ጎሬ፣ ከሰዓት በኋላ

ጎሬ ኮረብታ ላይ ናት፤ ጉሙ ቤተ ክርስቲያኑን እየሸፈነ እየገለጠ ይጫወትበታል። የመቱ መኪና ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው ተባልኩ። ጊዜ ካገኘሁ ብዬ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ድሮ በጦር ሠራዊት ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። የእህቴን ሕመም እንዳለ ዘረዘርኩላቸው፤ ብርድ ነው መባሉንም።

የት ነው የምትውለው አሉኝ። ማድ ቤት አልኳቸው። ምን ታነዳለች? እንጨት። እርጥብ ነው ደረቅ? እርጥብ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ብርድ ነው ያላችሁ ማነው?"

"እናቴ።"

"እናትሽ ይከበሩ፤ ይሄ ግን ብርድ አይደለም። ጭስ ነው። ሳሉም ዓይኑም ከጭስ ነው። ጭሱን አርቁላት።"

"እሳት አታንድድ ነው የሚሉኝ? ሻይ ቤት ነው ያላት።"

"እሳት አላልኩም፤ ጭስ ነው ያልኩት። ከሰል ትጠቀም። ከሰል ጭስ የለውም።"

እንግዲህ ከሰል ያን ጊዜ በእኛ አገር የማድ ቤት ነገር አልነበረም። ልብስ ሰፊ ለካውያው፣ ቀጥቃጭ ለብረቱ ይገዛዋል እንጂ ማን ሻይ ያፈላበታል? ሰውዬው ግን በእርግጠኛነት ነው የተናገሩት። ለልብስ ሰፊዎች የሚያመጣ ሰው ፈልጌ አንድ ጆንያ በሁለት ብር ገዛሁ። ከላይ አስጭኜ፣ ጭስ የሌለው እሳት ይዤላት ልሄድ ነው ብዬ ደስ አለኝ። የእናቴንም ቃል አልጣልኩም፤ ብርዱንም እዘጋላታለሁ፣ ጭሱንም አርቅላታለሁ። ሁለቱን ትእዛዝ አንድ ላይ መፈጸም ብልህነት መስሎኝ ነበር።

መቱ

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መቱ ገባሁ። በመሥሪያ ቤቶቹ መንገድ የመብራት እንጨት ተተክሏል፤ ሲመሽ ሞተሩ ተነሥቶ አምፖሎቹ ይበራሉ። ከዚያ መንገድ ውጪ ያለው ሁሉ ኩራዝ ነው።

ጋሼ ደምሴ ሰላምታውን ሳይጨርስ ማድ ቤቱን ሊያሳየኝ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። እውነት ለመናገር ያምራል። ባለፈው ዓመት የአንዱ ሣር ቤት ተቃጥሎ እሳቱ ከጣሪያ ጣሪያ ስለዘለለ፣ በዋናው መንገድ ዳር ሣር ክዳን እንዳይኖር የከተማው ሹም አዝዘው ነበር። እሱም አንድ ሙሉ የቡና ወቅት ማታ ማታ ትርፍ እየሠራ ባገኘው ቆርቆሮውን ገዛ። እትዬን ብርድ ያዛት ሲባል ደግሞ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለውን ክፍተት በጭቃና በጨርቅ ደፈነው። "ነፋስ አይገባም፤ እጅሽን አስገቢና እዪው" አለኝ። እጄን ዘረጋሁ። እውነትም አይገባም።

ወደ ውስጥ ግን ሰው አይታይም ነበር። ጭሱ ከጣሪያው እስከ ደረቴ ወርዶ ቆሟል። ድሮ በሣሩ መካከል እየሾለከ ይወጣ የነበረው አሁን መሄጃ የለውም። እትዬ አስካለ ከሥሩ ጎንበስ ብላ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የሦስት ዓመት ልጇ ሰላማዊት ጭኗ ላይ ተኝታለች፤ እዚያ ይሞቃል ብላ ነው የምታስተኛት።

እትዬ በኮቴዬ አወቀችኝ። ተሳስመን ጨርሰን እንኳ ዓይኗን መክፈት አልቻለችም። ደንበኞቿንም እንደዚያው በኮቴ እንደምትለያቸው፣ ያልከፈለውም ሰው እንደማያመልጣት ነገረችኝ። በየሁለት ቃሉ መካከል ትስላለች፤ ግን ቀልዷ እንዳለ ነው።

የጎሬውን ሰው ቃል ስነግራት አላመነችኝም። ጭስ ዕንባ ያመጣል እንጂ በሽታ እንዴት ያመጣል አለች። ደግሞስ በቆሎው ከማንደጃው በላይ ተሰቅሎ ነቀዝ የማይነካው በጭሱ አይደለም? የወባ ትንኝስ የሚሸሸው በምንድን ነው? ሁሉም እውነት ነው። ጆንያውን ስፈታ ግን ፈገግ አለች። "ይሁን እስቲ፤ የጎሬ ሰው እንዳለው እንሞክረው።"

በማግስቱ

ዝናቡ ከሌሊቱ አላቆመም። ጋሼ ደምሴ ሥራ ሄደ። እኔ ከሰሉን በሸክላ ምድጃ አቀጣጥዬ ማድ ቤቱ መካከል አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ትንሽ ጨሰ፣ ከዚያ ቀይ ሆነ፣ ጭሱም ጠፋ። እትዬ ዓይኗን ገለጠች። በሦስት ወር ውስጥ የማድ ቤቴን ግድግዳ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት አለችኝ፤ መጥቆሩን አይታ ደግሞ ባላየሁት ይሻለኝ ነበር ብላ ሳቀች። የጠዋቶቹን ሾፌሮች በዚያው እሳት ሻይ አጠጣናቸው።

አራት ሰዓት ላይ ደንበኛው ሲቀንስ ማሩን በሙቅ ውኃ በጠበጥኩላት። ከልጇ ጋር ጋቢውን ተከናንባ በርጩማዋ ላይ ተደገፈች። ከበሩ ሥር ነፋስ ሲገባ አየሁና የእናቴ ቃል ትዝ አለኝ። ስኳርና ሻይ ቅጠል ልገዛ ስወጣ በሩን ከውጭ ገጥሜ፣ ከሰሉን ጥግ ገልብጬ ባዶ ያደረግኩትን ጆንያ አጣጥፌ ከሥሩ ጠቀጠቅኩት። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ። በእጄ።

ስመለስ ሁለት ሰዎች ሻይ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው ይጣራሉ፤ የሚመልስላቸው የለም። የእትዬ ጎረቤት አዴ ጫልቱ፣ በየቀኑ ወተት የሚያቀብሏት ትልቅ ሴት፣ ማሰሯቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ሲያልፉ አብረን ደረስን። በሩን ስገፋ ጆንያው ያዘው። አዴ ጫልቱ በትከሻቸው መቱት፣ ተከፈተ። ሙቀት ብቻ ነው የወጣው። ጭስ የለም፣ ሽታ የለም ማለት ይቻላል። እትዬ ወደ ግድግዳው ተደግፋ ጭንቅላቷ ወድቋል። ልጅቷም ጭኗ ላይ ናት። የተኙ ነው የሚመስሉት።

ጠራኋት፤ አልመለሰችልኝም። እንዲያውም ቀስቅሻት እንዳላስደነግጣት ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር፤ እንደዚያ ነው ግራ የገባኝ። አዴ ጫልቱ ግን ልጅቷን አፈፍ አድርገው ወደ ዝናቡ ወጡ፤ እኔና ከሻይ ቤቱ የመጡት ሁለት ሰዎች እትዬን ጎትተን ጭቃው ላይ አስተኛናት። ዝናቡ ፊቷ ላይ ወረደ። ጥቂት ቆይታ ዓይኗን ገለጠችና፣ "ሻዩ ፈላ?" አለችኝ።

ሰላማዊት ግን አልነቃችም። አዴ ጫልቱ ዝናቡ ውስጥ ቆመው ደረቷን ያሻሉ፣ በኦሮምኛ ስሟን ይጠራሉ፣ ያናግሯታል፣ ይቆጧታል። ምን ያህል እንደ ቆየን አላውቅም። ቅድም የገዛሁት ስኳር ከእጄ ወድቆ ጭቃው ላይ ሲሟሟ አይ ነበር። ከዚያ ልጅቷ አስታወከች፣ ቀጥላም አለቀሰች። ልቅሶ ሰምቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አዴ ጫልቱ ወደ ማድ ቤቱ ዞረው የተደፈነውን ክፍተት፣ የተጠቀጠቀውን በር አዩ።

"ይሄ ቤት ድስት ነው እንዴ፣ ከድናችሁ ሰው የምትቀቅሉበት?"



እናትና ልጅን ይዘን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ የከሰል መርዝ እንደማይታይ፣ እንደማይሸት፣ ሰውን በእንቅልፍ እንደሚወስድ አስረዳን። ከሰልም ይሁን እንጨት ቤቱን ክፈቱ አለ። እዚያው ደጃፍ ላይ ደግሞ ለወባ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ነበረና፣ ወደ ማታ ቤታችሁን ዝጉ፣ ትንኝ ይገባል አለን። እኔ ሁለቱን አፈራርቄ አየሁ። ሁለቱም ለእኛ ነው የሚያስቡት። እናቴም ለእኛ ነው ያሰበችው። የጎሬውም ሰው።

ማታ ጋሼ ደምሴ መጥቶ ሁሉን ሰማ። ልጁን ታቅፎ ተቀመጠ፤ ራት አልበላም። ሣሩ ቢመለስ ይሻል ነበር ወይ ብዬ ስጠይቀው ብቻ ቀና አለ። "ከሰሉ ነው እንጂ፣ ቆርቆሮዬ ምን አደረገ?" አለኝ። ከሰሉን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ።

ከተማው ሹም ዘንድ

በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ሹሙ ዘንድ ገባሁ። ምን እንደምጠይቅ በትክክል አላውቅም ነበር። ጠረጴዛቸው ጀርባ ተቀምጠዋል፤ ከራሳቸው በላይ አንድ አምፖል ተንጠልጥሏል። ከዚያው ጀመርኩ። ይህ መብራት ሻይ ማፍላት ይችል እንደሆነ፣ ከቻለም ለእህቴ እንዲቀጥሉላት ለመንኳቸው። ጸሐፊያቸው ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ ብለው፣ ሞተሩ አምፖሎቹን ከተሸከመ ራሱ ትልቅ ነገር እንደሆነ፣ ለእሳቸውም ሻይ አፍልቶላቸው እንደማያውቅ ነገሩኝ።

እንግዲያው ሣሩን እንድንመልስ ይፍቀዱልን አልኩ። አይሆንም አሉ፤ እሳቱን ረሳሽው ወይ? አልረሳሁትም። ከዚያ ስለ እትዬና ስለ ሰላማዊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ስለ ጆንያውም ጭምር። ፈገግታቸው ጠፋ።

"ልጅቷ ምን ያህል ቆየች፣ ሳትነቃ?"

"አላውቅም፣ ጌታዬ።"

ብዕራቸውን አስቀመጡ። ጸሐፊውን ጠርተው በከተማው ደንብ ውስጥ ስለ ጭስ የተጻፈ ካለ እንዲፈልግ አዘዙት። እሱም መዝገቡን እያገላበጠ ያነባል፤ ስለ እሳት አለ፣ ስለ ሽንት ቤት አለ፣ ስለ ባዘኑ ውሾች፣ ገበያ ውስጥ ስለሚለቀቁ ፍየሎች አለ። ስለ ጭስ የለም። ሹሙ መዝገቡን ተቀብለው ራሳቸው አዩት።

"የኔም ማድ ቤት ቆርቆሮ ነው" አሉ፤ ለኔ ይሁን ለጸሐፊው አልታወቀኝም። "ባለቤቴም ትስላለች። ብርድ ነው ብለን…" አልጨረሱትም። ከተማ ሙሉ ሰው እርጥብ እንጨት እያነደደ ቆርቆሮ ሥር እንዲገባ ያዘዝኩት እኔ፣ አሁን ምን ብዬ ልዘዝ ብለው ጠየቁኝ። እኔን። የጋዜጣ ቁራጭ አንባቢዋን።

ስወጣ እንዲህ አሉኝ፤ "ሣር አልፈቅድም። ግን እኔ የምቆጣጠረው ከመንገዱ የሚታየውን ነው። በጓሮ በኩል ያለውን ጣሪያ ማንም መጥቶ አያይባችሁም።" ይህ ፈቃድ ነው ወይስ አይደለም? ለጋሼ ደምሴ እንዳለ ነገርኩት። ሰማኝና ወደ ጓሮው ዞሮ ጣሪያውን አየ።

መመለሻ

በመጨረሻው ቀን እትዬን ቡሬ ልውሰድሽ አልኳት። እናታችን አደራ ብላኛለች፤ እዚያ ታርፊያለሽ፣ ዓይንሽም ይሻለዋል።

"ቡሬ በምንድን ነው የምታነዱት?" አለችኝ።

"በእንጨት።"

"ደረቅ?"

"እርጥብ።"

"ታዲያ" አለችና ብርጭቆዋን ማጠብ ቀጠለች።

የቀረውን ከሰል ለሰፈሩ ልብስ ሰፊ ሰጥቼ፣ ብቻዬን በባዶ ቅል ተመለስኩ። ጎሬ ላይ መድኃኒት ቤቱ ክፍት ነበር። ገብቼ ልነግራቸው አሰብኩ፤ ግን ልቆጣቸው ነው ላመሰግናቸው? ስለ ጭሱ ልክ ነበሩ። ስለ ከሰሉ የተናገሩትም ውሸት አልነበረም፤ ጭስ የለውም። ሳልወስን መኪናው ተነሣ።

እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ብርዱ ለቀቃት ወይ አለች። ብርድ አይደለም አልኳት። ታዲያ ምንድን ነው? ልነግራት ጀመርኩ፤ እንጨቱ፣ ዝናቡ፣ ቆርቆሮው፣ የቡናው ጥላ፣ ትንኙ፣ ሹሙ… እኔው ራሴ ጠፋብኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ ሄጄ ብዙ መልስ ይዤ መጣሁ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ልክ ነበር፣ አንድ ላይ ሳደርጋቸው ግን ሰው ሊገድሉ ነበር። ያወቅኩት ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ የሚያውቀው የራሱን ቁራጭ ነው፤ ሁሉም ቁራጭ የሚገናኘው ግን በርጩማ ላይ በተቀመጠችው ሴት ደረት ውስጥ ነው። የዚያን ምሽት የማድ ቤታችንን በር ከፈትኩ። እናቴ ዘጋችው። ከፈትኩት። እስክትሞት ድረስ እንደዚያው ኖርን።

ጋሼ ደምሴ ምን እንዳደረገ ያወቅኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እንደገና መቱ ስሄድ ነው። በአንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነጠላውን ሳያወልቅ መዶሻ ይዞ ማድ ቤቱ ላይ ወጣ። በጓሮ በኩል ካለው ክዳን ሁለት ቆርቆሮ ነቀለ። ከግድግዳው በላይ የደፈነውንም ጭቃ በእጁ አወጣው። አንዱን ቆርቆሮ ዝናብ እንዳይገባ ከክፍተቱ በላይ በአራት ቋሚ ከፍ አድርጎ አቆመው። ሁለተኛውን አጥሩ ሥር ወስዶ እንጨቱ እንዲደርቅ የማገዶውን ክምር አለበሰው።